የሰባት ቁጥር ዋጋ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች የጥናት ሰዓት ስናወጋ «የኮምፒውተሩን ጉዳይ ለብቻው እመለስበታለሁ» ብያችሁ ነበር የተለያየነው። ቃሌን ላክብር። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ወግ ለመጻፍ ዘግይቻለሁ፤ ምክንያቱም ሌላ ሳይሆን እፍረት ነው። ለ34 ዓመት ሂሳብ ያስተማረች ሴት በቁጥር ተሸወድኩ ብላ ጋዜጣ ላይ ማውጣት ቀላል አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። እናቱ፣ ማለትም ልጄ፣ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። በ2016 ዓ.ም. ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባና ሥነ ሕንፃ ለማጥናት ማሰቡን ስትሰማ የስምንት ወር ቁጠባዋን ላከችልኝ። «እማዬ፣ ጥሩ ኮምፒውተር ግዢለት። አንቺ ሂሳብ ታውቂያለሽ፣ አትሸወጂም» አለችኝ። እኔም ቦርሳዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ። ልጁን አላስከተልኩትም። ድንገት ይዤለት ገብቼ ደስ እንዲለው ፈልጌ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ጥቁር ሣጥኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። «እናቴ፣ ይቺኛዋ አይ ፋይቭ ናት። ይቺኛዋ ግን አይ ሰቨን ናት፣ ትልቋ» አለኝ። ሰባት ከአምስት ይበልጣል። ይህን ለመረዳት አስተማሪ መሆንም አያስፈልግም። ዋጋዋም በዚያው ልክ ከፍ ያለ ነበር። ሁለት ጥያቄ ጠየቅኩ፦ እውነት አይ ሰቨን ናት? ዋስትና አላት? ለሁለቱም አዎ አለኝ። ከፈልኩ፣ በላዳ ጭኜ ቤት ገባሁ፣ ዳንቴል አለበስኳት።

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አየና አቀፈኝ። «እማማ፣ አይ ሰቨን?» አለ። «አዎ፣ ትልቋን!» አልኩት። ሣቀ። ያ ሣቅ ምን እንደነበረ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ያቺ ሌሊት

ያለፈው ኅዳር ውስጥ የፕሮጀክት ማስረከቢያው ቀን ደረሰ። የሠራው የአንድ ሠፈር ቤተ መጻሕፍት ንድፍ ነው። ልጆቹ «ሬንደር ማድረግ» የሚሉት ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ከመስመሩ ሥዕል ተነስቶ ፀሐይ ከየት እንደምትገባ፣ ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ መስታወቱ ምን እንደሚያንጸባርቅ እያሰላ ፎቶግራፍ የመሰለ ምስል ያወጣል። ሥራው ከባድ ስሌት ነው። የእኛይቱ አይ ሰቨን ለአንድ ምስል ሌሊቱን ሙሉ ታቃስታለች። ልጁ ማታ ጀምሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መብራት ብልጭ ብሎ ሄደ፤ ወዲያው ተመለሰ። አንድ ዓይን የመጨፈን ያህል ነው። ኮምፒውተሯ ግን ጠፍታ ተነሳች። የሌሊቱ ሥራ የለም። ልጁ አልጮኸም፣ ጠረጴዛም አልመታም። እኔ በር ላይ ቆሜ ሲያየኝ «እማማ፣ ብርድ ነው፣ ተኚ» ብቻ አለኝ። ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱን ውስጥ የሚያሳይ ምስል ሳይኖረው፣ ግማሽ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሄደ። ውጤቱም እንደ ወረቀቱ ግማሽ ሆነ።

በማግስቱ ኮምፒውተሯን ሠፈራችን ኮንቴነር ውስጥ ወደሚሠራው ጥገና ባለሙያ አስወሰድኳት። ወጣት ነው፣ እጁ ንጹሕ፣ ንግግሩ አጭር። አብርቶ ከመስኮቱ አነበበልኝ፦ «ኮር አይ ሰቨን 2600።»

«ታዲያ ሰባት ናት ማለት ነው» አልኩት፣ ክብሬ ትንሽ መለስ እያለ።

«ሰባት ናት፣ ማዘር። ግን ሰባቱ ማዕረግ ነው። ዕድሜዋ ያለው ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ላይ ነው። 2600 ማለት ሁለተኛ ትውልድ ነው። ይቺ የወጣችው በ2003 ዓ.ም. ነው።»

በ2003 የልጅ ልጄ መዋለ ሕፃናት ነበር።

ማዕረግና ዘመን

ወጣቱ ያስረዳኝን እንደ አስተማሪ ቀለል አድርጌ ላቅርብላችሁ፤ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነውና። ፕሮሰሰር የሚባለው የኮምፒውተሩ አሳቢ ክፍል ነው። ለቤት ኮምፒውተር የሚሠሩት ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ኢንቴልና ኤኤምዲ ናቸው። ኢንቴል ለብዙ ዓመት አይ ስሪ፣ አይ ፋይቭ፣ አይ ሰቨን፣ አይ ናይን እያለ ሲሸጥ ቆይቷል። እነዚህ በአንድ ዘመን ውስጥ ያሉ የማዕረግ ደረጃዎች ናቸው። ዘመኑን የሚናገረው ተከትሎ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያው፣ አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዱን ያሳያሉ። 2600 ሁለተኛ፣ 8700 ስምንተኛ፣ 12400 ዐሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው። በቅርብ የወጡት «ኮር አልትራ» የሚባሉት ሌላ አቆጣጠር ስላላቸው በዚህ መስፈሪያ አይለኩም።

የኤኤምዲውም ተመሳሳይ ነው። «ራይዘን 5 5600» ሲባል የመጀመሪያው 5 ማዕረጉ ነው፤ 5600 ደግሞ የ5000 ተከታታይ ምርት መሆኑን ይናገራል።

እንግዲህ በጡረታ ላይ ያለ ኮሎኔልና ዛሬ በሥራ ላይ ያለ ሻምበል ቢሮጡ ማን ይቀድማል? በ2014 ዓ.ም. የወጣው አይ ስሪ 12100 ልክ እንደ እኔ አይ ሰቨን አራት ኮር ነው ያለው። አንዱን ኮር ከአንዱ ቢያወዳድሩት ግን ፍጥነቱ እጥፍ ያህል ነው፤ መብራት የሚበላውም ያንሳል። በማዕረግ የመጨረሻው ታናሽ ነው፤ የእኔን ባለ ማዕረግ ግን ጥሎት ይሄዳል።

ሌላም ነገር ተጨመረ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን የደኅንነት ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በፊት ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። የእኛ ኮሎኔል ከዚህም ዝርዝር ውጭ ሆኖ ተገኘ።

ሻጩን ለመክሰስ አስቤ ነበር። ግን በምን? አልዋሸኝም። አይ ሰቨን አለ፣ አይ ሰቨን ሸጠልኝ። ያልጠየቅኩትን ብቻ ነው ያልነገረኝ።

ሦስታችንም ዝም ያልነው

ማታ ልጁን አስቀምጬ «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ያመጣሁልህ አሮጌ ነው» አልኩት። መሬት መሬት አየ።

«አውቃለሁ፣ እማማ። የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ። ዳንቴል ሁሉ አልብሰሻት።»

ሁለት ዓመት! እኔን ላለማስከፋት ሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት ያቺን ኮምፒውተር ሲጠብቅ ኖሯል። እኔም በተራዬ ለእናቱ እንዳይነግር ላስምለው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ራሴን ሰማሁት። እሱ ለእኔ ብሎ ዝም፣ እኔ ለእሷ ብዬ ዝም። በዚህ ሁሉ ዝምታ መካከል የተቃጠለው የስምንት ወር ላብ ነው።

ዓርብ ዕለት ልጄ በቦቲም ስትደውል ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለች። ቀጥላ «እማዬ፣ እኔም እኮ ጥፋተኛ ነኝ። ብር ላክሁ እንጂ ምን እንደሚሠራበት አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሁለተኛውን አብረን እንምረጠው፤ ሦስታችንም» አለች።

ለሁለተኛው ከእሷ አንድ ብር አልተቀበልኩም። የማድቤቴን ጣሪያ ለማስቀየር የጀመርኩት እቁብ ደርሶኝ ነበር። ቆርቆሮው አንድ ክረምት ይታገሣል አልኩ። ልጄ ግን አንድ ነገር አስገደደችኝ፦ ወረቀት ላይ ሦስት መደብ እንዳሰምር። ሥራው ምንድን ነው፣ ለዚያ የሚያስፈልገው ዕቃ ምንድን ነው፣ ለምን እሱ ተመረጠ። «ለምን» የሚለው ባዶ ከሆነ አይገዛም።

ዶሮ ወጥና እንጀራ

የመጀመሪያውን መደብ የሞላው ልጁ ነው። ቀን ቀን በአውቶካድና በሬቪት ይስላል። ማታ ምስሉን ሬንደር ያደርጋል። ላምዮን የሚባል ፕሮግራም ሊጠቀም ፈልጎ የድሮዋ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ ብሎታል። እናቱ በስልክ እየሰማች «ቆይ፣ ሬቪት ምንድን ነው?» ትለዋለች። ሲያስረዳት ድምፁ ይለወጣል። አራት ዓመት ሙሉ «በላህ? አጠናህ?» ከመባባል ያላለፉ ሁለት ሰዎች፣ ስለ ግድግዳና ስለ ደረጃ አንድ ሰዓት ሲያወሩ ሰማሁ።

ከዚያ ፕሮሰሰር ወደ ማወዳደሩ ገባን። ሁልጊዜ ከሚነሱት ቃላት አንዱ «ኮር» ነው። ኮርን እንደ ምጣድ አስቡት። ለድግስ እንጀራ ሲጋገር ስድስት ምጣድ ካለ ሥራው ይከፋፈላል፣ ቶሎ ያልቃል። ዶሮ ወጥ ግን አንድ ድስት ነው። ስድስት ባለሙያ ቢከበው ሽንኩርቱ ቶሎ አይበስልም፤ የሚረዳው የእሳቱ ጉልበት ነው። በአውቶካድና በሬቪት መሳል በአብዛኛው እንደ ዶሮ ወጥ ነው፤ አንድ ጎበዝ ኮር ይፈልጋል። በፕሮሰሰር ሬንደር ማድረግ እንጀራ ነው፤ ብዙ ኮር ያፈጥነዋል። የእኛ ልጅ ሁለቱንም ስለሚያበስል ጠንካራ እሳት ያላቸው ስድስት ምጣዶች ይበቁታል አልን።

ሦስት ዕጩዎች ቀረቡ። አንደኛው አይ ሰቨን 8700 ያለው፣ ቢሮ ያገለገለ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ስድስት ኮር አለው፣ በዋጋም ይረክሳል። ነገር ግን ወጣቱ ጥገና ባለሙያ አንድ ነገር አሳየኝ። እነዚህ የቢሮ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለው ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ መሰኪያውም የራሱ የኩባንያው ስለሆነ በገበያ ባለው መደበኛ ዕቃ በቀላሉ አይተካም። ሣጥኑም ቀጭን ከሆነ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አይገባበትም። ለሌላ ልጅ ጥሩ ነው፣ ለእኛው ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ራይዘን 5 5600፣ ሦስተኛው አይ ፋይቭ 12400 ነበር። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. የወጡ፣ ስድስት ስድስት ኮር ያላቸው፣ በሥራም ተቀራራቢ ናቸው። እዚህ ላይ ወጣቶቹ በቡድን ተከፍለው እንደ ኳስ ይከራከራሉ። እኔ ግን ልጄ ባስያዘችኝ መደብ «ለምን» ብዬ ጠየቅኩ። ራይዘን 5 5600 የራሱ ምስል ማውጫ የለውም። ግራፊክስ ካርዱ አንድ ቀን ቢበላሽ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። አይ ፋይቭ 12400 ግን ውስጡ አነስተኛ የምስል ማውጫ ስላለው ካርዱ እስኪጠገን ልጁ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። አንድ ካርድ ሲበላሽ መለዋወጫ በሳምንት በማይገኝበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መረጥነው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ከቁጥሩ ኋላ «ኤፍ» የተጻፈበት 12400 ኤፍ የሚባል ወንድም አለው። ረከስ ይላል፤ ምክንያቱም ያ የምስል ማውጫ የለውም። አንዱ ሱቅ ውስጥ ያለ ኤፍ ያለውን ጠይቀን ባለ ኤፍ አውጥተውልን ነበር። የልጅ ልጄ ነው ያየው። እኔ ብቻዬን ብሄድ ኖሮ አሁንም ይዤው እገባ ነበር። ያለ ካርቶን የሚሸጠውም ማቀዝቀዣ ፋኑ አብሮት ስለማይኖር ርካሽ መስሎ ኋላ ወጪ ያስጨምራል።

«ለምን ከሁሉም አዲሱን አንገዛም?» ያለችው ልጄ ናት። አዲሶቹ ራይዘኖች የሚሠሩት ዲዲአር 5 በሚባለው ራም ብቻ ነው። ራሙንና ማዘርቦርዱን ስንደምር ለግራፊክስ ካርድ የያዝነውን ብር በላው። 12400 ግን እንደ ማዘርቦርዱ ዓይነት በዲዲአር 4ም በዲዲአር 5ም ይሠራል። ዲዲአር 4 የሚቀበለውን ቦርድ ያዝን። ሁለቱ ራሞች አንዱ በአንዱ ቦታ እንደማይገባ ልብ በሉ፤ ቦርዱና ራሙ ሳይተያዩ አይገዙም።

ከመቶ ብር ስንት የት?

ዋጋ ልጽፍላችሁ አልሞክርም። ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል፤ ከሱቅ ሱቅም ይለያያል። ይልቅ እንደ ክፍል ውስጥ በመቶኛ ላስቀምጠው። እኛ ከያዝነው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 40ው ለግራፊክስ ካርድ፣ 18ቱ ለፕሮሰሰር፣ 14ቱ ለማዘርቦርድ፣ 10ሩ ለፓወር ሰፕላይ፣ 7ቱ ለራም፣ 6ቱ ለኤስኤስዲ፣ 5ቱ ለሣጥኑ ሄደ። ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ከድሮዋ ወረስን። የድሮዋንም ሃርድ ዲስክ የቆዩ ሥራዎች ማስቀመጫ አደረግነው።

ግራፊክስ ካርዱ ለምን ይህን ያህል በላ? ላምዮንን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ምስሉን የሚያበስሉት በፕሮሰሰር ሳይሆን በግራፊክስ ካርድ ስለሆነ ነው። የኛ አርቲኤክስ 3060 ይባላል፤ 12 ጊጋባይት ማኅደር ያለው፣ ያገለገለ ነው። ያገለገለ ስትገዙ ሱቁ ውስጥ ሰክተው ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ እንዲያሠሩት ጠይቁ። ፋኑን አዳምጡ፣ ሙቀቱን ተመልከቱ። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም የካርዱን ማንነት ያሳያል፤ ስሙ ተለውጦ የተሸጠ አሮጌ ካርድንም ብዙ ጊዜ ያጋልጣል። ለፕሮሰሰር ደግሞ ሲፒዩ-ዚ አለ። ሁለቱም በፍላሽ ይያዛሉ። «አይቻልም» የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ራሙን ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት አድርገን 16 አደረስነው። ሁለት ሆነው ጎን ለጎን ሲሠሩ አንድ ትልቅ ከሚሠራው ይሻላሉ። ቦርዱ አራት ቦታ ስላለው ሌላ ሁለት ለመጨመር በሩ ክፍት ነው። ኤስኤስዲ ደግሞ ድሮ ይዞር በነበረው ሃርድ ዲስክ ፋንታ ያለ አንዳች ሞተር የሚሠራ ማስቀመጫ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ወገኖች፣ በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ የምታዩበት አንዱ ዕቃ እሱ ነው።

አሁን ሁሉም ሰው የሚንቀው ዕቃ ላይ እንድረስ፦ ፓወር ሰፕላይ። አንዳንድ ሣጥን ሲገዛ አብሮት በነጻ የሚሰጥ ቀለል ያለ አለ። ወጣቱ በእጄ አስያዘኝ፤ ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። ደኅና ከሚባለው ጋር ሳመዛዝነው ልዩነቱ የባዶና የሙሉ እንስራ ነው። ሂሳቡን ራሴ ሠራሁት። ካርዱ 170 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ ሲበረታ 117 ዋት፣ በድምሩ 287። ለቀሩት ዕቃዎች ስንጨምር 350 ገደማ ይሆናል። የካርዱ አምራች ቢያንስ 550 ዋት ይመክራል። እኛ 650 ገዛን፤ ዕቃ እስከ አፉ ተሞልቶ ባይሠራ ዕድሜው ይረዝማልና። በላዩ ላይ ያለው «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት መብራት እንደማያባክን እንጂ ኃይለኛ መሆኑን አይናገርም። ኃይሉ ለብቻው በዋት ይጻፋል።

መብራታችንን ደግሞ እናውቀዋለን። 220 ነው ይባላል፤ አንዳንድ ቀን ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን ይዘላል። እኔ ቤት አንድ ፍሪጅ እንደዚሁ ሄዷል። ስለዚህ ከእቁቡ የመጨረሻውን ጥራጊ ለዩፒኤስ አደረግነው። መብራት ሲሄድ ለደቂቃዎች ይይዛል። ፊልም ለማየት አይበቃም፤ ሥራ አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ግን ይበቃል። ያቺ የኅዳር ሌሊት የነበረው ብልጭታ ልጁን አያገኘውም ነበር። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ቢሆን እንኳ ምስሉ ጠዋት ይገኝ ነበር።

«ቀጭ» እስኪል

ቅዳሜ ማታ ሳሎን ውስጥ አንሶላ ዘርግተን ገጣጠሙት። ልጄ ከሥራ ወጥታ በስልክ ታያለች። ስልኩን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፌላት ነበር። ሁሉም ተሰክቶ ሲበራ ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። የልጁ ፊት ሲገረጣ አየሁ። እኔም በልቤ ጣሪያዬን አሰብኩ። ወጣቱ ግን ሳይደናገጥ አጠፋና መብራቱን ነቅሎ አንዱን ራም በሁለት አውራ ጣቱ ተጫነው። «ቀጭ» አለ። ግማሹ ብቻ ነበር የገባው። እንደገና ሲያበራ ስክሪኑ ወጣ። ከዱባይ በኩል እልልታ ሰማን።

ያንኑ የቤተ መጻሕፍት ንድፍ በላምዮን ከፈተው። ቡና አቅርቤ ነበርና አቦሉ ሳይቀዳ ምስሉ ወጣ። ያቺ ኅዳር ላይ ሌሊት ሙሉ የጠበቀው ምስል ማለት ነው። በሰሜን በኩል ረጅም መስኮት፣ ከሥሩ ዝቅ ያለ አግዳሚ። «ይህ ለምንድን ነው?» አለችው እናቱ። «ልጅ ይዘው የሚመጡ ወላጆች የሚጠብቁበት» አላት። ትንሽ ዝም አለችና «ጥሩ ነው። መደገፊያ ግን አድርግለት፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሰው ይቀመጥበታል» አለችው። ሳያንገራግር እዚያው ጨመረላት።

እንግዲህ ወላጆችና አያቶች፣ ከእኔ ስህተት የምትወስዱት ይህ ነው። ልጃችሁ የሚሠራው የቤት ሥራ መጻፍ፣ ትምህርት በቪዲዮ ማየትና ትንሽ ፕሮግራም መለማመድ ከሆነ ይህን ሁሉ አትግዙ። ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የሆነ፣ ቢሮ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ኤስኤስዲና 16 ጊጋባይት ራም ጨምራችሁለት በደንብ ይበቃዋል። ከባድ ሥዕል ወይም ቪዲዮ የሚሠራ ከሆነ ግን ሥራውን በስሙ ጠይቁና ብሩን ወደዚያ አድሉ። በማዕረግ ቁጥር አትደለሉ፣ ከኋላው ያለውን አንብቡ። ፓወር ሰፕላዩን በእጃችሁ መዝኑ። ደረሰኙ ላይ «ኮምፒውተር አንድ» ተብሎ አይጻፍ፤ የፕሮሰሰሩና የካርዱ ሙሉ ቁጥር ይጻፍ።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ልጁን ይዛችሁት ሂዱ። ድንገት ደስ ላሰኘው ብላችሁ ብቻችሁን አትግዙ። እኔ ያን ቀን ከሻጩ ይልቅ እሱን አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ የእናቱ ስምንት ወር ይተርፍ ነበር።

ይህን ስጽፍ ውጭ ዝናብ ጀምሯል። ማድቤቱ ውስጥ ሁለት ሳፋ ደቅኛለሁ፤ ጠብ ጠብ ይላል። ኮምፒውተሩ ከሚያፈሰው በጣም ርቆ ነው የተቀመጠው፣ አታስቡ። ዳንቴልም አላለበስኩትም፤ ይሞቀዋል ተብያለሁ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።